አይጥ ማጥናት ምን ይጠቅማል?

የመመረቂያ ጥናቴን ርዕስ ለትምህርት ክፍላችን ያስገባሁ ዕለት ማታ ይጁቤ ስልክ ደወልኩ። አባቴ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ምግቡና ስለ ብርዱ ከጠየቀኝ በኋላ «ለመሆኑ የምትመረቅበት ጥናት ምንድን ነው?» አለኝ። «አይጥ ነው» አልኩት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሀሎ» ስል «አለሁ» አለኝና፣ «አይጥማ እዚህ ቤት ሞልቶ የለም እንዴ! ለእሱ ብለህ ነው ደብረ ማርቆስ ድረስ የሄድከው?» ብሎ ጠየቀኝ። ከበስተኋላው የታላቅ እህቴ ሳቅ ይሰማኝ ነበር።

ዶርም ውስጥም የገጠመኝ ከዚህ የተለየ አልነበረም። አንዱ ጓደኛዬ ወባን፣ ሌላው የመድኃኒት ዕፅዋትን፣ ሌላዋ ደግሞ የወተት ጥራትን ይዘዋል። የእነሱ ርዕስ ሲነበብ ሁሉም በአክብሮት ይሰማል። የእኔ ሲነበብ ግን ይሳቃል። «ድመት ቅጠርና ጨርስ» ያለኝም አለ። መልስ አጥቼ ዝም ብያለሁ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ያን ጊዜ ያጣሁትን መልስ አሁን ለመስጠት መሞከር ነው። ነገር ግን መልሱን ከመስጠቴ በፊት ነገሩ ከየት እንደተነሳ መናገር አለብኝ።

ይጁቤ የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ነች። የእኛ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ጤፍ፣ ስንዴ፣ በቆሎና ባቄላ እናመርታለን። እኔ ሰባተኛ፣ እህቴ ዘጠነኛ ክፍል በነበርንበት ዓመት ምርቱ ጥሩ ነበር፤ አባቴም ጎተራውን እስከ አፉ ሞልቶ ከደነ። ክረምት ገብቶ፣ ሐምሌ ላይ እህል ሲያጥር ጎተራው ተከፈተ። ከላይ ሲያዩት ሙሉ ነው። ከሥሩ ግን ገለባ፣ የአይጥ ኩስና የተቦረቦረ በቆሎ ሆኖ ተገኘ። እናቴ በቁና እየሰፈረች የተረፈውን ለየች። አባቴ ጊደሯን ሸጦ እህል ገዛ። መስከረም ሲጠባ ግን ከተማ ቤት ተከራይቶ የሁለት ልጅ ስንቅ ማቅረብ አልቻለም። ማንም ማንንም አላስገደደም። እህቴ ራሷ «እኔ ልቅር፣ እሱ ይማር» አለች።

እህቴ ከክፍሏ ከአንድ እስከ ሦስት እየወጣች የምታልፍ ተማሪ ነበረች። እኔ አስረኛ ወጥቼ አላውቅም። ይህን የምጽፈው አንባቢን ለማሳዘን አይደለም። ሰው «አይጥ ማጥናት ምን ይጠቅማል?» ሲለኝ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ እሱ ስለሆነ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እኔ ነኝ፤ መግባት የነበረባት ግን እሷ ነበረች። በመካከላችን የገባው ደግሞ አይጥ ነው።

በዚያው ዓመት አባቴ ከገበያ የአይጥ መርዝ ገዝቶ ከዱቄት ጋር ለውሶ በየጥጉ አስቀመጠ። ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ የሞተ አይጥ እንጠርግ ነበር። ከዚያ ድመታችን ሞተች። ቀጥሎ ከጓሮው ባሕር ዛፍ ሥር ጉጉት ወድቃ አገኘን። በዓመቱ አይጡ እንደ ቀድሞው ሆነ፤ ድመቷና ጉጉቷ ግን አልተመለሱም። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» የሚለውን ተረት ስሰማ ያደግሁ ቢሆንም ትርጉሙ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ስለ አጥቢ እንስሳት ስንማር መምህራችን አንድ የሚታጠፍ የአሉሚኒየም ሳጥን ይዘው ገቡ። ሼርማን የሚባለው ወጥመድ ነው። እንስሳው ገብቶ የውስጡን ሰሌዳ ሲረግጥ በሩ ይዘጋል፤ ሳይሞትም ይያዛል። መምህራችን ሳጥኑን እያጠፉና እየዘረጉ «በዚህ ዕቃ ሙሉ ዕድሜያቸውን የሠሩ ሰዎች አሉ» አሉን። እኔም «ማን ነው ሙሉ ዕድሜውን አይጥ ሲይዝ የሚኖር?» ብዬ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። መልሱ ካሰብኩት በላይ ብዙ ሆኖ አገኘሁት።

ከአገራችን ሰዎች መጀመሪያ ያገኘሁት ስም የፕሮፌሰር አፈወርቅ በቀለ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ እንስሳት ፕሮፌሰር ሲሆኑ፣ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ስለ አይጥና ስለ ሌሎች አጥቢዎች የሚያስተምሩ ብዙዎች በእሳቸው እጅ ያለፉ ናቸው። በ1996 እ.ኤ.አ. ያሳተሟቸው ጥናቶች ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው የመናገሻ ደን ውስጥ የሚኖሩትን አይጦች የሚመለከቱ ናቸው። ዋናዋ ባለታሪክ እግሯ ነጭ የሆነች፣ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የማትታወቅ የደን አይጥ ነች። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1842 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቃት ናት። ፕሮፌሰር አፈወርቅ ሲጽፉ ስሟ ፕራኦሚስ አልቢፔስ ነበር፤ አሁን ስቴኖሴፋለሚስ አልቢፔስ ትባላለች። ስሙ የተቀየረው ዘመዶቿ እነማን እንደሆኑ በተሻለ ስለታወቀ ነው። እኔ የሳይንስ ስም አንዴ ከወጣ የማይነካ ይመስለኝ ነበር። ለካ ስም ራሱ መላ ምት ነው።

ከዚያ በፊት በ1993 እ.ኤ.አ. ከጣሊያንና ከአሜሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር ስለ ኢትዮጵያ የሣር አይጦች፣ ማለትም ስለ አርቪካንቲስ ወገን፣ ጽፈዋል። በ1997 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከቤልጂየማዊው ኸርቪግ ሌይርስ ጋር በመካከለኛው ኢትዮጵያ የበቆሎ ማሳና የሣር ሜዳ አይጦችን አጠኑ። በ2003 እ.ኤ.አ. ከሌይርስና ከሌላ ባልደረባቸው ጋር በዝዋይ የበቆሎ እርሻዎች ላይ የደረሰውን ጉዳት ሲለኩ አይጥ ያጠፋው ከምርቱ ሩብ ያህል ሆኖ ተገኘ። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ከድኜ ትንሽ ተቀመጥኩ። የአባቴ ጎተራ ትዝ አለኝ። እኛ ቤት የደረሰው የቤታችን መዓት ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሌላ ቦታ ተለክቶ ቁጥር ወጥቶለታል።

በእሳቸው ሥራ የወደድኩት ከደን ተነስቶ ማሳ መድረሱን ነው። በደን ውስጥ ስለምትኖር፣ ማንንም ስለማትጎዳ አይጥ የተማሩት የአቆጣጠር ዘዴ ነው በኋላ ገበሬው ማሳ ላይ ያገለገለው። ብዙዎቻችን «የሚጠቅም ጥናት» እና «የማይጠቅም ጥናት» እያልን እንከፍላለን። የእነዚህን ሰዎች ሥራ በቅደም ተከተል ላነበበ ግን ድንበሩ የት ላይ እንደሆነ አይታይም።

ወደ ጎጃማችን ልምጣ። በ1926 እና 1927 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ቺካጎ ከተማ የፊልድ ሙዚየም የተላከ ቡድን ኢትዮጵያን ዞሮ ነበር። ከመሪዎቹ አንዱ ዊልፍሬድ ኦስጉድ የሚባል የአጥቢ እንስሳት አጥኚ ነው። ጎጃምን ያኔ የሚገዙት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። ቡድኑ ሰከላ አካባቢ፣ ከግልገል አባይ መነሻ አጠገብ አንዲት አይጥ ያዘ። ፀጉሯ ጥቅጥቅ ያለና ውኃ የማያስገባ፣ የኋላ እግሯ ሰፋ ያለ፣ በወንዝ ዳር ለመኖር የተሠራች ፍጡር ነች። ኦስጉድ በ1928 እ.ኤ.አ. አዲስ ወገን ብሎ ኒሎፔጋሚስ ፕለምቤየስ የሚል ስም ሰጣት። ወደ አማርኛ ሲመለስ «የአባይ ምንጭ አይጥ፣ እርሳስ መሳይ ቀለም ያላት» እንደማለት ነው። የጭንቅላቷ ቅል ሲጠና አንጎሏ ከአካሏ አንጻር ትልቅ ሆኖ ተገኝቷል።

ከዚያች ከአንዷ ሌላ ማንም ሁለተኛ ይዞ አያውቅም። የተፈለገችባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ አልተገኘችም። በዓለም የዱር እንስሳት የአደጋ መዝገብ ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት፣ ምናልባትም ከጠፉት ውስጥ ተመድባለች። በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ግን ሳይንቲስቶች ሙዚየም ውስጥ ከተቀመጠው ከዚያው ከ1927ቱ ናሙና ላይ ቅንጣት ደረቅ ሥጋ ወስደው ዲኤንኤውን አነበቡ። ኮሎሚስ ከሚባሉት፣ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ወንዝ ዳር ከሚኖሩት አይጦች ጋር የቅርብ ዘመድ መሆኗም ተረጋገጠ። አስቡት፤ ዘጠና ዓመት ያለፈው ናሙና ነው። ያያዙት ሰዎች ዲኤንኤ የሚባለው ነገር እንደሚነበብ እንኳ አያውቁም ነበር። ነገር ግን የተያዘችበትን ቦታና ከፍታ ጽፈው በሥርዓት ስላስቀመጧት ከእነሱ በኋላ የመጣው ሰው ያልጠየቁትን ጥያቄ ጠይቆ መልስ አገኘ። እኛ በላብራቶሪ ክፍለ ጊዜ «ቀኑን መጻፍ ረሳሁ» እያልን የምንቀልደው ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባኝ ከዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ቅር አለኝ። ግልገል አባይን አቋርጦ የመጣ የውጭ ሰው መንገዱን ያሳየው፣ «እዚህ ወንዝ ዳር አለች» ያለው የአገር ሰው ይኖራል ብዬ አምናለሁ። ስሙን እኔ ባነበብኩት ውስጥ አላገኘሁትም። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ደግሞ ለምን በኢትዮጵያ ይህን ያህል የተለያየ አይጥ ኖረ? የሚለውን በአጭሩ ላንሳ፤ የዝግመተ ለውጡ ታሪክ ያለው እዚህ ላይ ነውና። በአገራችን ከ100 በላይ የአይጥ ወገን ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ ውጭ የሉም። በአፍሪካ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው መሬት 80 ከመቶ ያህሉ የሚገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ይህ ደጋ ግን አንድ ወጥ አይደለም። በአንድ በኩል ስምጥ ሸለቆ ይከፍለዋል፤ በሌላ በኩል የአባይ በረሃ። እኛ ባሶ ሊበኖች ከወረዳችን ጫፍ ቆመን ቁልቁል የምናየው ያ በረሃ ለደጋ አይጥ እንደ ባሕር ነው። ዓለም በቀዘቀዘበት ዘመን የውርጩ ምድር ወደ ታች ይሰፋል፣ ተራሮቹም ይገናኛሉ። ዓለም ሲሞቅ ደግሞ እያንዳንዱ ተራራ ብቻውን ደሴት ሆኖ ይቀራል። በደሴቱ የቀረው እንስሳ ለብዙ ሺህ ዓመታት ለብቻው ሲዋለድ ከማዶው ይለያል።

ይህን ያሳዩት ዓይንና ሚዛን ብቻ አይደሉም። ለምሳሌ ሎፉሮሚስ የሚባሉት ፀጉራቸው ሻካራ የሆኑ አይጦች በፊት የኢትዮጵያዎቹ አብዛኞቹ አንድ ዝርያ ተደርገው ይቆጠሩ ነበር። ሩሲያዊው ሌዎኒድ ላቭሬንቼንኮና ባልደረቦቹ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ክሮሞሶማቸውንና ዘረ መላቸውን ሲያዩ በርካታ ዝርያዎች ሆነው ተገኙ። በእግረ ነጯ አይጥና በዘመዶቿ ላይ በቼኩ ዮሴፍ ብሪያ መሪነት በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ደግሞ ይበልጥ የሚያስገርም ነው። ከእናት ብቻ የሚወረሰው ዲኤንኤ አንድ የዘር ሐረግ ሲያሳይ፣ ሌላው የዘረ መል ክፍል የተለየ ሐረግ ያሳያል። ማለትም ዝርያዎቹ ከተለያዩ በኋላ መልሰው የተዳቀሉበት ጊዜ ነበር ማለት ነው። መማሪያ መጽሐፋችን ላይ እንደ ዛፍ ተስሎ ያየነው የዘር ሐረግ አንዳንዴ ዛፍ ሳይሆን ተለያይቶ እንደገና የሚገናኝ ወንዝ ነው።

በአሁኑ ትውልድ ካሉት ደግሞ የዮናስ ምህረቱን ሥራ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በትግራይ ደጋ ባጠናው ጥናት አፈር እንዳይታጠብ ተብሎ የሚሠራው የድንጋይ እርከን በበዛበት ማሳ አይጥም ይበዛል፣ የሰብሉ ጉዳትም ይጨምራል የሚል ውጤት በ2014 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር አሳትሟል። ይህ እርከን ይፍረስ ማለት አይደለም። አፈሩ ከሄደ አይጥም ሰውም የሚበላው የለም። ነገር ግን አንድ ጥሩ ሥራ ሌላ ያልታሰበ ነገር ይዞ እንደሚመጣ ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። እኛም ሠፈር በየዓመቱ በዘመቻ እርከን ሲሠራ ድንጋይ ተሸክሜያለሁ፤ አይጥ ትዝ ብሎኝ ግን አያውቅም። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ እሱና ባልደረቦቹ በኢትዮጵያ አይጦች ላይ ልዩ ልዩ ቫይረሶች መገኘታቸውን አሳትመዋል። ስለዚህ ይህ ጥናት ከጎተራ አልፎ ጤናም ውስጥ ይገባል።

ለሥነ ምህዳሩም ቢሆን አይጥ ትንሽ ነገር አይደለችም። በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮ ከሚበላው ከመቶ ከዘጠና እጅ በላዩ የአይጥ ወገን ነው። በእኛው ጮቄ ተራራም ቀይ ቀበሮ ነበረ፤ አሁን የለም።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። በ2015 እ.ኤ.አ. ከዚያው ከፊልድ ሙዚየም የመጡ አጥኚዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ተራሮች፣ ኦስጉድ ከ88 ዓመት በፊት ወጥመድ በዘረጋበት ሥፍራ እንደገና ዘርግተው ምን እንደተለወጠ አወዳድረዋል። ዊልያም ስታንሊ የሚባለው የቡድኑ አባል በዚያው ጉዞ ላይ ሳለ እዚሁ አገራችን ሕይወቱ አልፏል። ውጤቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ሲታተም ስሙ ከጸሐፊዎቹ ጋር ነበር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አንብቤ፣ ከትምህርት ክፍላችን ወጥመድ ተውሼ በጥቅምት መጨረሻ ይጁቤ ገባሁ። አባቴ ሳጥኖቹን አገላብጦ አየና «እንዴ! ሳይገድል ነው የሚይዘው?» አለ። «አዎ፣ ለክተን እንለቃቸዋለን» ስለው ወጥመዱን መሬት አስቀምጦ ምንም ሳይናገር ወደ ከብቶቹ ሄደ። አብራኝ የወጣችው እህቴ ነች።

የመጀመሪያው ሌሊት ውጤት የሚያሳፍር ነበር። ወጥመዶቹን በለውዝ ቅቤና በገብስ ዱቄት አዘጋጅቼ በማሳው ዳር በመስመር ዘረጋሁ፤ ሳጥኑ ውስጥ ጭድ ማድረግ ግን ረሳሁ። በዚያ ሌሊት ውርጭ ወረደ። ጧት ስንከፍት ሦስቱ በብርድ ሞተው አገኘናቸው። አንዷ የምታጠባ ነበረች። መጽሐፉ ላይ «ማሞቂያ ይጨመር» የሚለውን መስመር ከሥሩ አስምሬበት ነበር እኮ! እህቴ አይጧን መዳፏ ላይ አድርጋ ቆይታ፣ «አባባ ቢያይ ደስ ይለው ነበር፤ አንተ ታዝናለህ። ያው አንድ አይጥ ናት እኮ» አለችኝ። እሷ እንዲህ ስትል ጎተራው ትዝ ብሏት እንደሆነ ጠየቅኳት። «እንዴት ይረሳል?» አለችና ሌላውን ወጥመድ ለመክፈት ሄደች። ከዚያ ቀን ወዲህ ጭድ ሳልጨምር አንድም ወጥመድ አልዘረጋሁም።

በሁለተኛው ቀን ወጥመዶቹን ጧት ልዘጋ ስል ከለከለችኝ። «ለምን ትዘጋለህ?» አለችኝ። አይጥ በሌሊት ነው የሚንቀሳቀሰው አልኳት። «የቤቷ በሌሊት ነው። የሣሯ ግን ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው የምትወጣው። እኔ ባቄላ ስነቅል እግሬ ሥር ነው የምታልፈው» አለችኝ። ክፍት ትተነው ዋልን። ከሰዓት በኋላ ስናይ ወጥመዶቹ ውስጥ አርቪካንቲስ ገብቷል። የሣር አይጥ በአብዛኛው ቀን ቀን እንደሚንቀሳቀስ በኋላ መጽሐፍ ላይ አገኘሁት። እህቴ ከመጽሐፉ ቀድማ ታውቀው ነበር። አይጦቹንም በጅራታቸው ርዝመትና በሚወጡበት ጉድጓድ «የቤት»፣ «የማሳ»፣ «የገደል» ብላ ትለያለች። እኔ ጅራት፣ የኋላ እግርና ጆሮ በማስመሪያ ለክቼ፣ ክብደት መዝኜ ያወጣሁት ክፍፍል ከእሷ ብዙም አልራቀም።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን «ስንት አይጥ እንዳለ በምን ታውቃለህ? ሁሉን አትይዝ!» ብላ ጠየቀችኝ። እስኪገባት ላስረዳት ብዬ አንድ ቁና ላይ ባቄላ አመጣሁ። 50 ፍሬ ቆጥሬ በከሰል አጠቆርኩና መልሼ ቀላቀልኩት። ከዚያ ሳናይ እፍኝ አፍሰን ስንቆጥር 60 ሆነ፤ ከ60ው ውስጥ 5ቱ የጠቆሩት ናቸው። «እንግዲህ ከ60 ውስጥ 5 ጥቁር ከተገኘ ከአሥራ ሁለት አንዱ ነው። ጥቁሩ በጠቅላላው 50 ስለሆነ አሥራ ሁለት ጊዜ 50፣ ወደ 600 ፍሬ አለ ማለት ነው» አልኳት። አላመነችም። አንድ በአንድ ቁጭ ብላ ቆጠረችው፤ 643 ሆነ። «ቀርበሃል» አለች። እኔም ኮራሁ።

ትንሽ ቆይታ ግን «ባቄላ አይሞትም፤ አይወልድም። ወጥመድም አይፈራም። አንድ ጊዜ የተያዘች አይጥ ተመልሳ ትገባለች?» አለችኝ። ውድ አንባብያን፣ ይህ በትምህርታችን «የዘዴው ቅድመ ሁኔታዎች» ተብሎ በሦስት ነጥብ የተዘረዘረው ነገር ነው። በሁለቱ ቆጠራ መካከል መወለድና መሞት፣ መግባትና መውጣት የለም፤ የተያዘና ያልተያዘ እኩል የመያዝ ዕድል አለው የሚለው። እኔ ለፈተና ሸምድጄው ነበር። እሷ በአንድ ምሽት፣ ያለ መጽሐፍ፣ ከባቄላ ላይ አነበበችው። በዘጠነኛ ክፍል ያቆመች ልጅ ነች።

በመጨረሻው ቀን ወጥመድ ስናጥብ የጠየቀችኝን ጥያቄ እስካሁን ይዤው እዞራለሁ። «በየትኛው ወር ነው የሚወልዱት?» አለችኝ። «እሱን ብናውቅ እኮ ከመብዛታቸው በፊት ሠፈሩ ሁሉ አንድ ላይ ወጥቶ ጉድጓዳቸውን ቢቆፍር፣ ዳሩን ቢያጸዳ ይበቃል። አንድ ሰው ብቻውን በሰኔ መርዝ ቢያስቀምጥ ከጎረቤት ይመጣሉ።» የዓለም ሊቃውንት ይህንኑ ሐሳብ በ1999 እ.ኤ.አ. ትልቅ መጽሐፍ አድርገው አውጥተውታል፤ በሥነ ምህዳር ላይ የተመሠረተ የአይጥ ቁጥጥር ይሉታል። ኸርቪግ ሌይርስም በታንዛኒያ ባደረጋቸው ጥናቶች የአይጥ መብዛት ከዝናቡ አጀማመርና መጠን ጋር እንደሚያያዝ፣ ስለዚህም ቀድሞ መተንበይ እንደሚቻል አሳይቷል። ለእኛ ማሳ ግን የአንድ ሳምንት ቆጠራ አይበቃም። ቢያንስ አሥራ ሁለት ወር መቆጠር አለበት። እኔ ደግሞ ሰኞ ክፍል ነበረኝ።

ስለዚህ እሷ ጀመረች። በመምህሬ ፈቃድ ጥቂት ወጥመዶች ትቼላት መጣሁ። እንዴት በጓንት እንደሚያዝ፣ እጅ እንዴት እንደሚታጠብ፣ የምታጠባና እርጉዝ እንዴት እንደምትለይ አሳየኋት፤ የመጨረሻውን ግን ከእኔ የበለጠ ታውቃለች። በየወሩ መጨረሻ ለአራት ቀን ትዘረጋለች። በአንድ ደብተር ላይ ቀን፣ ቦታ፣ ብዛት፣ ስንት እርጉዝ፣ ዝናብ ነበረ ወይስ አልነበረም ብላ ትጽፋለች። ባለፈው በዓል ቤት ስሄድ ደብተሩን አየሁት። አንድም ቀን አልዘለለችም። ጽሑፏ የዘጠነኛ ክፍል ጽሑፏ ነው፤ አልተለወጠም። አባቴም «ዛሬ ስንት ገባ?» እያለ መጠየቅ ጀምሯል።

የመመረቂያ ጥናቴ ለሳይንስ አዲስ ነገር አላገኘም፤ ይህን በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። አዲስ ዝርያ አልያዝኩም። ያደረግሁት በአንድ ማሳ ዳር ምን ምን እንዳለ መመዝገብ ነው። ነገር ግን ለአባቴም ለዶርም ጓደኞቼም አሁን መልስ አለኝ። አይጥ ማጥናት የሚጠቅመው አንድ ቤት ጎተራውን ከፍቶ ከሚደነግጥበት ቀን በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መርዝ ብቻ ነው፤ መርዝ ደግሞ ዳዋውን ነው የሚመታው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የጥናት ጽሑፌን ሳዘጋጅ እህቴን የት እንደማስገባት ተቸገርኩ። ደንቡ ምስጋና ገጽ ላይ ከወላጆቼና ከፈጣሪ ቀጥሎ ያስቀምጣታል። የሣር አይጧን ያገኘሁት ግን በእሷ ነው፤ የወሩን መረጃ የያዘውም የእሷ ደብተር ነው። የአባይ ምንጯን አይጥ ቦታ ያሳየው ሰው ስም አልተገኘም ብዬ ቅር የተሰኘሁ እኔው ነኝ። ስለዚህ መምህሬን አማክሬ በዘዴው ክፍል ውስጥ መረጃውን ማን፣ መቼ፣ እንዴት እንደሰበሰበ ከነስሟ ጻፍኩ። የአሥራ ሁለቱ ወር ሲሞላና የሚታተም ነገር ከተገኘበት ደግሞ ስሟ ከእኔ በፊት እንዲሆን ጠይቄያለሁ። ይህን ስነግራት «አይጥ ላይ ስሜን ልትጽፍ ነው?» ብላ ሳቀች። ከዚያ «በትክክል ጻፈው፤ ባለፈው ቀበሌ አሳስተውታል» አለችኝ።

ከእኛ በኋላ ለምትመጡት ታናናሾቻችን አንድ ምክር አለኝ፦ ሜዳ ስትወጡ ጭድ አትርሱ፤ ቀኑን ጻፉ፤ ማሳው ላይ ያለውን ሰው አስቀድማችሁ ጠይቁ።